ስለ ልጆች አስተዳደግ፤ በሁተራውያን ማኅበር ሕፃናት የሚማሩትና የሚኖሩት ኑሮ

አንባቢ ሆይ፥ ልጆች ካሉህ ወይም ታናናሾች ወንድሞችና እኅቶች በቤትህ ካሉ፥ ይህን ጽሑፍ ከማንበብህ አስቀድሞ አንድ ነገር መርምር። ልጁ ወደ ማዕድ ሲቀርብ ዓይኑ አስቀድሞ የሚያየው የማንን ድርሻ ነው? የተሰጠውን ቈርሶ ለባልንጀራው ያካፍላልን? ወይስ የባልንጀራውን አይቶ «የእኔ አነሰ» ብሎ ያለቅሳል? ልጁን «ስስታም ሁን» ብሎ የሚመክር አባት ከቶ የለም። ዳሩ ግን ልጅ የአባቱን ምክር ከመስማቱ በፊት የአባቱን ኑሮ ያያል፤ ያየውንም ይማራል።

ይህን ነገር ከልባቸው አስበው፥ ልጅ «የእኔ» ማለትን ሳይለምድ «የእኛ» ማለትን ይለምድ ዘንድ ቤታቸውንም ማዕዳቸውንም ትምህርት ቤታቸውንም ያዘጋጁ ሰዎች አሉ፤ ሁተራውያን ይባላሉ። ዛሬ የሚበዙት በካናዳ በአልበርታ፥ በሳስካችዋንና በማኒቶባ፥ በአሜሪካም በደቡብ ዳኮታና በሞንታና ይኖራሉ። ሠፈሮቻቸው ከ500 ይበልጣሉ፤ የሕዝቡም ቍጥር ወደ 50,000 ይጠጋል። በአንድ ሠፈር የሚኖሩት ከ60 እስከ 150 የሚሆኑ ሰዎች ናቸው። እርሻውና ከብቱ፥ መኪናውና ቤቱ ሁሉ የማኅበሩ ነው እንጂ የማንም ሰው የግል ገንዘብ አይደለም። ስለ ሥራውም ደመወዝ የሚቀበል የለም፤ ለእያንዳንዱ የሚያስፈልገው ከማኅበሩ ይሰጠዋል።

መነሻቸውን በአጭሩ ልንገርህ፤ የምጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። በ1528 በሞራቪያ አገር ከኒኮልስቡርግ ከተማ የወጡ 200 ያህል ሰዎች በመንገድ ሳሉ አንድ መጐናጸፊያ በምድር ላይ አነጠፉ፥ እያንዳንዱም ያለውን አምጥቶ በላዩ አኖረ። ይህንም ያደረጉት በሐዋርያት ሥራ በ2ኛውና በ4ኛው ምዕራፍ የመጀመሪያዎቹ ምእመናን ሁሉን በአንድነት እንደ ያዙ አንብበው ነው። ቆብ በመሥራት ይተዳደር የነበረ ያዕቆብ ሁተር የሚባል የቲሮል ሰው በ1533 መሪያቸው ሆነ፤ በ1536 በኢንስብሩክ ከተማ በእሳት ተቃጠለ። ስማቸውም ከእርሱ የወጣ ነው። ከዚያ በኋላ ስደት ሲከተላቸው ከሞራቪያ ወደ ሃንጋሪ፥ ወደ ትራንሲልቫኒያ፥ ወደ ዋላኪያ፥ በ1770ም ወደ ሩስያ ግዛት ሄዱ። ከ1874 እስከ 1879 ባሉት ዓመታት ደግሞ ባሕር ተሻግረው በደቡብ ዳኮታ ሰፈሩ። በዚህ ሁሉ ዘመን ግን ሥርዓታቸው ሳይናወጥ ኖረ አልልህም፤ በሩስያ ሳሉ ከ1819 እስከ 1859 ድረስ ለ40 ዓመት ያህል የአንድነቱን ኑሮ ትተውት ነበር።

ሜኖናይት የሚባሉት ክርስቲያኖች፥ በአገራችንም ከእነርሱ የተልእኮ ሥራ የበቀለችው የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን፥ ከዚሁ ግንድ የወጡ ቅርንጫፎች ናቸው። ይሁን እንጂ ገንዘብን በአንድነት መያዝ በእነዚያ ዘንድ ግዴታ አይደለም።

አሁን ወደ ልጆቹ ነገር እንመለስ። አስቀድመህ ይህን አስተውል፤ የሁተራውያን ልጅ ከእናቱ ማኅፀን የማኅበሩ ምእመን ሆኖ አይወጣም። ሕፃናትን አያጠምቁምና። ልጁ አድጎ፥ ብዙ ጊዜም ዕድሜው 20 ዓመት ከሆነ በኋላ፥ ማንም ሳያስገድደው ራሱ መጥቶ ጥምቀትን መለመን አለበት። በዚያን ቀን የሚገባው ቃል ኪዳን ደግሞ ያለውንም የሚያገኘውንም ሁሉ፥ ሰውነቱንም ጭምር ለማኅበሩ መስጠት ነው። እንግዲህ ልጆቹ ሁሉ «አንፈልግም» ቢሉ ምን ይሆናል? ከውጭ መጥቶ ከእነርሱ ጋር የሚተባበር ሰው እጅግ ጥቂት ስለሆነ፥ 500 ዓመት ሊሞላው የቀረበ ሥርዓት በአንድ ትውልድ ባለቀ ነበር። ስለዚህ ትምህርት ቤታቸው ከእርሻቸውም ከወፍጮአቸውም ይልቅ ያሳስባቸዋል። ሰው ራሱን በፈቃዱ ይሰጥ ዘንድ ልጅ ሳለ ማስተማር ይቻላልን? ፈቃዱ ሳይሰበር ፈቃዱን መተው ይችላልን? የነገራቸው ሁሉ ቍልፍ ይህ ጥያቄ ነው።

በሞራቪያ በነበሩበት ዘመን ከ1565 እስከ 1578 ድረስ ጴጥሮስ ቫልፖት የሚባል ሰው ይመራቸው ነበር። በ1568 ለመምህራኑ ምክር ሰጠ፤ በ1578ም ለትምህርት ቤቶቹ የተጻፈ ሥርዓት ወጣ። በዚያ ጊዜ ሕፃናት ጡት ከጣሉ በኋላ ወደ ልጆች ቤት ገብተው በዚያ ያድሩ ነበር። ቫልፖት ለመምህራኑ ያሳሰባቸው ነገር የዘመናችንን ሰው ሊያስደንቅ ይችላል። ልጆችን ሁሉ በአንድ ዓይነት መንገድ አትያዙ፤ አንዱ በለሰለሰ ቃል ይታረማል፥ ሌላው ግን ጠንከር ያለ ተግሣጽ ይፈልጋልና አስተውላችሁ ለዩ ይላቸዋል። በቍጣም እንዳይመቱ ይከለክላቸዋል። አዲስ የመጣ ልጅ በሽታ እንዳለበትና እንደሌለበት ይመረመር፤ የታመመው ከጤነኞቹ ይለይ፤ ልብሱም ከእነርሱ ልብስ ጋር አይታጠብ። የታመመውን ልጅ አፍ በጣቱ የዳሰሰ ሰው ጣቱን ሳያጥብ የጤነኛውን ልጅ አፍ እንዳይነካ አዝዞአል። በዓይን የማይታዩ የበሽታ ሕዋሳት መኖራቸው ከመታወቁ 300 ዓመት በፊት መሆኑን አስብ። ይህን ያስተማራቸው የሕክምና መጽሐፍ ሳይሆን የልጆች ፍቅርና የታመመውን ልጅ ቀርቦ ማየት ይመስለኛል።

ዛሬ ልጆቹ የሚያድሩት ከአባታቸውና ከእናታቸው ጋር ነው። እናት ከወለደች በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ከማኅበሩ ሥራ ነፃ ትሆናለች፤ በኋላም ወደ ወጥ ቤቱና ወደ አትክልቱ ስፍራ ስትመለስ ሕፃኑን የምትጠብቅ ታናሽ ልጃገረድ ትሰጣታለች። ይህችን ልጃገረድ በቋንቋቸው ሶርገላ ይሉአታል። እንግዲህ ገና ራሷ ሕፃን ልትባል የምትችል ልጅ በክንዷ ሌላ ሕፃን ይዛ በሠፈሩ ውስጥ ትመላለሳለች፤ ታናሽ ወንድሙን በጀርባው አዝሎ ያደገ አንባቢ ይህን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም።

ልጁ 3 ዓመት ሊሆነው ሲቀርብ ወደ ታናሹ ትምህርት ቤት ይገባል፤ እስከ 5 ዓመቱም በዚያ ይውላል። አስተማሪዎቹ ባልቴቶች ናቸው፤ ተራ እየገቡ ይጠብቁአቸዋል። የሚማሩት ነገር ከመብል በፊትና በኋላ የሚጸለየውን ጸሎት፥ አጫጭር መዝሙሮችን፥ እጅ አጣምሮ መቀመጥን፥ አብሮ መብላትን፥ አብሮ መተኛትን ነው። መጫወቻው የሁሉ ነው፤ አንድ ልጅ ይዞት «ይህ የእኔ ነው» ቢል ከእጁ ተወስዶ ለሌላው ይሰጣል። ለእናት ይህ ቀላል አይደለም። ልጅዋ በሦስት ዓመቱ ከእቅፍዋ ወጥቶ ቀኑን ሙሉ የማኅበሩ ልጅ ይሆናል፤ ማታ ብቻ ይመለስላታል።

6 ዓመት ሲሞላው ወደ ታላቁ ትምህርት ቤት ይሸጋገራል፤ እስከ 15 ዓመቱም ድረስ ኑሮው በደወል ይሄዳል። ጠዋት ደወል ሲሰማ ይነሣል፥ ይታጠባል፥ ከእኩዮቹ ጋር ቍርስ ይበላል። ከዚያ በኋላ የጀርመንኛ ትምህርት ይማራል፤ ቀጥሎም በእንግሊዝኛ የሚሰጠውን የመንግሥት ትምህርት እስከ ከሰዓት በኋላ ይማራል። ያ ካለቀ ደግሞ በብዙ ሠፈር እንደ ገና ወደ ጀርመንኛው ይመለሳል። ማታ ከራት በፊት ሕዝቡ ሁሉ ለግማሽ ሰዓት ያህል ለጸሎት ይሰበሰባል፤ በዚያም ታናናሾቹ በፊት፥ ታላላቆቹ በኋላ፥ በዕድሜ ተራ ይቀመጣሉ። ሰባኪው የሚያነበው ስብከት ራሱ የጻፈው አይደለም፤ አባቶቻቸው በ1600ዎቹ ዓመታት የጻፉት፥ ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጠ የመጣ ነው። መዝሙሩንም ሰባኪው አንድ አንድ መስመር እያነበበ ሕዝቡ ይቀበላል።

ስለ ቋንቋው ጥቂት ልናገር። ልጁ በቤቱ የሚናገረው ሁተሪሽ የሚባለውን ነው፤ ይህም በ1750ዎቹ ዓመታት ስለ ሃይማኖታቸው ከኦስትሪያ ከካሪንቲያ ተሰደው በትራንሲልቫኒያ ከተቀላቀሉአቸው ሰዎች የወረሱት የጀርመን አነጋገር ነው። የመጽሐፍ ቅዱስና የጸሎት ቋንቋ ግን ሌላ፥ የተከበረው ጀርመንኛ ነው። ለገበያና ለመንግሥት ደግሞ እንግሊዝኛ አለ። እንግዲህ የሰባት ዓመት ልጅ በቤቱ አንድ፥ በጸሎት ቤት ሁለተኛ፥ በጥቍር ሰሌዳ ፊት ሦስተኛ ቋንቋ ይይዛል። በልቡ እስኪያድር ድረስ የሚደግመው ብዙ ነው፤ መዝሙር፥ የሃይማኖት ጥያቄና መልስ፥ የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል። ፊደል ቈጥሮ ዳዊት የደገመ ሰው ይህን የአማማር መንገድ ያውቀዋል፤ በግእዝ የሚጸልይ ልጅም በቤቱ አማርኛ እንደሚናገር አይዘነጋም።

የጀርመንኛ መምህር የሚሆነው ማኅበሩ ከራሱ ወንዶች መርጦ የሚያቆመው ሰው ነው። በብዙ ሠፈር እርሱ ራሱ የአትክልቱ ስፍራ ኀላፊ ነው፤ ይህ ያለ ምክንያት የተደረገ አይመስለኝም። በበጋ ትምህርት ሲቆም ያንኑ ልጅ ድንች ሲያስቆፍረው፥ ባቄላ ሲያስለቅመው ይውላል። በመጽሐፉ ላይ የሚሰንፈው ልጅ በመስክ ላይ ትጉህ እንደ ሆነ፥ በጥያቄና መልስ አንደኛ የሆነውም ከሥራ ፊት የሚሸሽ እንደ ሆነ፥ መምህሩ በዓይኑ ያያል። ልጅን በአንድ ወገን ብቻ አይቶ የሚፈርድ መምህር ስንት ጊዜ ይስታል!

በመጀመሪያ ወደ ጠየቅሁህ ወደ ማዕዱ ነገር ደረስን። በሁተራውያን ሠፈር እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ለብቻው አይበላም፤ አንድ ታላቅ ወጥ ቤት አለ፥ ሁሉም ከዚያ ይበላል። ከ6 እስከ 15 ዓመት ያሉት ልጆች ግን ከአዋቂዎቹ ተለይተው የራሳቸው የማዕድ ክፍል አላቸው። ወንዶቹ በአንድ ገበታ፥ ሴቶቹ በሌላ ገበታ፥ በዕድሜ ተራ ይቀመጣሉ፤ መምህሩም አብሮአቸው ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ይጸልያሉ፥ ብዙ ሳይነጋገሩ ይበላሉ፥ እንደ ገና ጸልየው ይነሣሉ። የሰባኪው ልጅና የከብት ጠባቂው ልጅ ከአንድ ድስት ይበላሉ። ልብሳቸውም ከማኅበሩ ከተከፋፈለ ጨርቅ በእናታቸው እጅ የተሰፋ ስለሆነ፥ በልብስ የሚመካ ወይም በልብስ የሚያፍር ልጅ በመካከላቸው የለም። ወዳጄ ሆይ፥ በከተማችን ትምህርት ቤት አንዱ ልጅ ምሳውን ከፍቶ ሲበላ ሌላው ምሳ ያላመጣ መሆኑ እንዳይታወቅበት ወደ ግቢው ጥግ ሲሄድ አይተህ ታውቃለህን? በሁተራውያን ልጆች ዘንድ ይህ አይታይም። ሌላ ጕድለት ሊኖርባቸው ይችላል፤ በዚህ ነገር ግን እኛ ከእነርሱ እንማራለን እንጂ አናስተምራቸውም።

ጕድለት አልሁ፤ ልሰውረውም አልወድም። በቀድሞው ዘመን በመካከላቸው ያጠፋ ልጅ በባልንጀሮቹ ፊት በጠፍር ይመታ ነበር። እነርሱ ስለዚህ ሲናገሩ፥ ልጅ ከተቀጣ በኋላ ጥፋቱ ያን ጊዜውኑ ይረሳል፥ ማንም ቂም አይይዝበትም ይላሉ። ጥፋትን መርሳቱ መልካም ነው፤ በብዙ ቤት ልጅ ዛሬ ይመታል፥ ጥፋቱም እስከ ዓመት ድረስ በእንግዳ ፊት ይነገርበታልና። ነገር ግን በባልንጀሮች ፊት የተዋረደ ልጅ የሚማረው እውነትን ነው ወይስ ጥፋቱን መሸሸግን? የቫልፖት ምክር ከጠፍሩ የተሻለ መሆኑን ከራሳቸው ታሪክ መረዳት ይቻላል። ደግሞም በሰላም መኖር ሐዘንን ሁሉ ያርቃል ብለህ እንዳታስብ። በ1950ዎቹ ዓመታት ኑሮአቸውን የመረመሩ ሊቃውንት በመካከላቸው የመንፈስ ጭንቀትና የልብ ሐዘን የሚይዛቸው ሰዎች እንዳሉ አገኙ። በራሱ ላይ ብዙ የሚጠይቅ ሕዝብ ሲጐድልበት ራሱን ይወቅሳል። ሆኖም የታመመውን ከመካከላቸው አያወጡትም፤ በሠፈሩ ይዘው ያስታምሙታል።

የእንግሊዝኛው ትምህርት ቤት በሠፈሩ ውስጥ ይሠራል፤ መምህሩ ግን ከጥንት ጀምሮ ከውጭ የሚመጣ የመንግሥት መምህር ነበር። በዚህ ላይ ብዙ ክርክር አለ። ቀድሞ ልጆቹ ሕጉ የሚፈቅደውን ዝቅተኛ ዕድሜ እስኪደርሱ ተምረው ያቆሙ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ማጥናት ትዕቢትን ያመጣል፥ ወደ ዓለምም ይወስዳል ብለው ይፈሩ ነበርና፤ እስከ ዛሬም በብዙ ሠፈር ይህ ሥርዓት አልተለወጠም። ይህን ስታነብ ምናልባት ተማሪ ከሆንህ ትቈጣ ይሆናል፤ ቍጣህም ከንቱ አይደለም። ሐኪም ለመሆን የሚችል ብላቴና በ15 ዓመቱ ወደ አሳማ ቤት ሲላክ ማኅበሩ ራሱ ይጐዳል። ይህን ያስተዋሉ ከመካከላቸው ተነሥተዋል፤ በማኒቶባ ብዙ ሠፈሮች ልጆቻቸው 12ኛውን ክፍል እንዲጨርሱ ያደርጋሉ፤ ከ1990ዎቹም ዓመታት ጀምሮ በብራንደን ዩኒቨርሲቲ የሁተራውያን ወጣቶች የመምህርነት ትምህርት ተምረው ወደ ሠፈራቸው ይመለሳሉ። እንግዲህ በእነዚያ ሠፈሮች የእንግሊዝኛውም መምህር የማኅበሩ ሰው ሆኖአል።

ይህን ሁሉ የሚማሩት ለምን እንደ ሆነ በ1918 ዓለም አየው። አሜሪካ ወደ ጦርነት በገባች ጊዜ የሁተራውያን ጐልማሶች መሣሪያ አናነሣም፥ የወታደር ልብስም አንለብስም አሉ። ከደቡብ ዳኮታ የተወሰዱ አራት ሰዎች በአልካትራዝ ደሴት ታሰሩ፤ በኋላም ወደ ሌቨንወርዝ እስር ቤት ተዛወሩ። ከእነርሱም ዮሴፍ ሆፈርና ሚካኤል ሆፈር የሚባሉ ሚስትና ልጆች ያሉአቸው ወንድማማቾች ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በዚያ ሞቱ። ሚስቱ የዮሴፍን አስከሬን ልታይ በመጣች ጊዜ፥ በሕይወቱ ሳለ እንቢ ያለውን የወታደር ልብስ አልብሰውት አገኘችው። ከዚያ ዘመን ጀምሮ አብዛኞቹ ሠፈሮች ወደ ካናዳ ተሻገሩ። የእነዚህ ሰዎች ታሪክ ለልጆቹ ይነገራቸዋል፤ በጀርመንኛው ትምህርት ቤት የሚደግሙት የሰማዕታት መዝሙር ስለ ሩቅ ዘመን ብቻ የተነገረ አለመሆኑን ያውቃሉ።

15 ዓመት የሞላው ልጅ ከልጆች ማዕድ ተነሥቶ ወደ አዋቂዎች ማዕድ ይሄዳል። በቀድሞው ልማድ በዚህ ጊዜ የሚቈለፍ የእንጨት ሣጥን ይሰጠው ነበር፤ ለወንዱ መዶሻና መጋዝ፥ አካፋም፤ ለሴቲቱ የሹራብ መሥሪያ፥ መጥረጊያና መኰትኰቻ። ነገሩ ግራ ሊያጋባህ ይችላል፤ «የእኔ» እንዳይል 15 ዓመት ሙሉ የተማረ ልጅ አሁን ቍልፍ ያለው ሣጥን ይሰጠዋልን? እኔ ግን ጥበብ ያለበት ይመስለኛል። ጥቂትም ቢሆን የራሱ ነገር ከሌለው፥ በኋላ ምን ሊሰጥ ይችላል?

ከዚህ ዕድሜ እስከ ጥምቀት ያሉት ዓመታት እጅግ የሚያስፈሩ ናቸው። ወጣቱ እንደ አዋቂ ይሠራል፥ በየእሑዱም የሰንበት ትምህርት ይማራል፤ ነገር ግን ገና ቃል ኪዳን አልገባም። አጥር የለም፥ ዘበኛም የለም። አንዳንዶች፥ ይልቁንም ወንዶች፥ ሌሊት ተነሥተው ይሄዳሉ። በኪሳቸው ገንዘብ የለም፤ በከተማ ቤት ተከራይቶ መኖርን አያውቁም፤ ቢሆንም ሥራ ያገኛሉ፥ ደመወዝም ይቀበላሉ፥ የራሳቸውንም መኪና ይገዛሉ። አባትና እናት በዚያን ጊዜ የሚሰማቸውን ልነግርህ አያስፈልግም። ከሄዱትም ውስጥ ከጥቂት ወራት ወይም ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚመለሱ አሉ፤ በዚያው የሚቀሩም አሉ። ሳይጠመቅ የሄደ ሲመለስ ነገሩ ይቀልለታል፤ ከተጠመቀ በኋላ የሄደ ግን በማኅበሩ ፊት ጥፋቱን ይናዘዛል፥ ለጊዜውም ከምእመናን ተለይቶ ቆይቶ ይቀበሉታል።

ለመጠመቅ የወሰነ ወጣት ራሱ ወደ ሰባኪው ሄዶ ይለምናል። ከዚያ ለብዙ እሑዶች ከባልንጀሮቹ ጋር ወደ ሽማግሌዎቹ ዘንድ እየሄደ ይመከራል፤ ምክሩም የሚያባብል አይደለም፥ ሸክሙን አሳይተው «ትችላለህን?» ብለው ይጠይቁታል እንጂ። ጥምቀቱ ብዙ ጊዜ በሆሳዕና ይሆናል፤ ሰባኪው እጁን በራሱ ላይ ጭኖ ውኃ ያፈስስበታል። ከዚያ ቀን በኋላ ከማኅበሩ ቢወጣ ይዞት የሚወጣው ንብረት የለም፤ ይህንም አስቀድሞ በሕዝቡ ፊት ተጠይቆ «አዎን» ብሎአል። ማግባትም የሚችለው ከዚህ በኋላ ነው። ማኅበሩ ሠፈር ጠብቦት ለሁለት ሲከፈልም የቤተ ሰቦቹ ስም በሁለት መዝገብ ይጻፋል፤ በአንዳንዶቹ ዘንድ ሁሉም ዕቃቸውን ጠቅልለው ከጨረሱ በኋላ ዕጣ ይወጣል። የሚሄደው ወገን ወደ አዲሱ ምድር ይሄዳል፤ በዚያም መምህር ይመረጣል፥ የልጆችም የማዕድ ክፍል ይዘጋጃል።